የጠመኔ ብየዳ

የበጀት ኃላፊው የብየዳ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) መግዣ ከተከለከሉ መንፈቅ ያለፋቸው ሰልጣኞች የዘንጉ መያዣ ላይ ጠመኔ ሰክተው፣ እንደሚበይድ ሰው ብረት ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር። "ይኸው በጠመኔም እየተማሩ አይደል እንዴ! ምን በጀት ያስፈልጋል?" አለ። አሰልጣኟ ደሟ ፈላ።

ሊሄድ ሲል ዞር አለና "በነገራችን ላይ እህቴ፣ የመኪናዬ ማርሚታ ተሰንጥቆ በጩኸት አደነቆረኝ። እስቲ በየድ አድርጊልኝ" አላት።

"ምን ገዶኝ ጌታዬ!" ጭምብሏን አጥልቃ መኪናው ሥር ተንጋላ ገባች። ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ አሰመረችውና አቧራዋን እያራገፈች ወጣች።

"ይኸው፣ ተበይዷል" አለችው። የተረፈችውን ጠመኔ መዳፉ ላይ አኖረችለት። "መንገድ ላይ ከለቀቀ ይድገሙት።"