የቆሎ ተማሪ ምስክር ወረቀት

ውድነህ አብሮ አደጉን የሻውን ባየ ቁጥር ቅናት ያንገበግበዋል። እሱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የአዘዞ ውሻ ባቱን ዘነጣጥሎታል፤ ኋላም የጣልያን ማኪና ረዳት ሆኖ ተንከራቷል፤ የሻው ግን ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ ጠግቦ አደገ።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ የመጣ ፈረንጅ ሐኪም አስተርጓሚ ሲፈልግ ሁለቱም ጎንደር ለፈተና ቀረቡ። የሻው ቀድሞ ገባ።

«ምነው እሱን ባደረገኝ!» አለ ውድነህ ደጅ ቆሞ።

በተገረበበው በር የእንግሊዝኛው ጥያቄና መልስ ይሰማል።

«የት ተማርክ?»

«አዘዞ፣ እህል እየለመንኩ። ከዚያም የጣልያን ማኪና ረዳት ሆንኩ።»

«የእኔን ታሪክ!» ብሎ ውድነህ በገነ።

«ምስክር ወረቀትህስ?»

«የቆሎ ተማሪ ወረቀቱ ይኸ ነው» ብሎ የሻው ሱሪውን ሰበሰበ። ባቱ ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ ተደርድሯል።

«ውሸታም!» አለ ውድነህ፤ ዘሎ ገባና የራሱን ሱሪ ገለበ።

ደጅ ቆሞ የተመኘው ደርሶለት ኖሮ፣ ባቱ ጭረት እንኳ ያልነካው የሕፃን ገላ ነበር።