ጸጥታ ለክሪፕተን

ሽብሩ አባት በሆነ በሩብ ሰዓቱ የቤተ ሙከራውን በር በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አንኳኳ። እዚያ የሌዘር ጨረር ክሪፕተን ጋዝ ላይ ቀን ከሌት ስለሚተኮስ፣ በከተማዋ ጮክ ብሎ መናገር ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ኤሌክትሮን ከአተሙ አምልጦ የሚወጣው ዓይን ከመርገብገቡ እጅግ ቀድሞ ነውና፣ የጎረቤት ሙቀጫ ድምፅ እንኳ የዚያን ቅጽበት ልኬት ያናጋዋል። ስለዚህ በየቤቱ ሙቀጫው አበባ ተተክሎበታል፤ ሰርገኛም የሚጨፍረው ተቀምጦ ነው።

ሽብሩ ቅሬታ አልነበረውም። ሦስት ጽንስ ከጨነገፈባቸው በኋላ፣ የሚስቱን ደም መርምሮ አራተኛውን ያተረፈው መሣሪያ የተፈለሰፈው እዚሁ ቤተ ሙከራ ነው።

«ዶክተር፣ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት» አለ በሹክሹክታ። «ደግሞም... የሰፈሩ ሴቶች እልልታው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ቤቴ ቆመዋል። ልጅቱ እልል ሳይባልላት እንዳትቀር ብዬ ነው።»

ዶክተር አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። የአርባ ቀኑ ልኬት ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?»

«ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ከበዛ በአንድም እንስማማለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ገበያ መሰለህ?» ዶክተሯ እጃቸውን ሰድደው ሌዘሩን አጠፉት። «በቃ፣ የሚበላሸው ተበላሽቷል። ክሪፕተኑ የትም አይሄድም፤ ነገ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ሰባት በሉላት።»

ሽብሩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሲል ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። የገዛ ድምፁን ዘጠኝ ዓመት ሳይሰማው ስለኖረ፣ ቁርጥ የአባቱን ድምፅ ሆኖ ጠበቀው።