ጭጭ ያለው አምፕሊፋየር

ወይ ፍንክች! የድምፅ ቁልፉን እስከ ጥግ አዞራለሁ፣ የጊታሩን ክር እመታለሁ፤ አምፕሊፋየሩ ጭጭ። ከኋላው የተሰደሩት የብርጭቆ ቫልቮች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀልተው ያበራሉ። ይበልጥ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። ጨርሶ ቢሞት እኮ አርፌ አለቅስ ነበር።

ስልኬ ይጮኻል። ወንድሜ ነው።

«ከክሊኒኩ ወጥተናል። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብን ነው።»

«አባዬን ምን አሉት?»

«ጣቶቹን ያሠራቸው አሉ። መኪና ውስጥ ከገባ ጀምሮ ወሬው ሁሉ ጊታር ነው። ሲስቅ ሰማሁት እኮ! ምነው ድምፅሽ?»

«ምንም። ቀስ ብላችሁ ኑ።»

አባታችንን ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ ከሰነፈ አራት ወሩ ነው። በነዚህ አራት ወራት ጊታሩን ቀና ብሎ አላየውም። ዛሬ ጠዋት ግን ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለና፣ «ስመለስ እሞክራለሁ፤ አምፑን አሙቂልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ማሞቅ ብቻ መች ይበቃኛል! ደስ ይበለው ብዬ ስፒከሩን ነቅዬ አቧራውን ጠረግሁ፣ መልሼ ሰካሁት። ማን ነካኪ አደረገኝ? አሁን መጥቶ ይህን ዝምታ ቢሰማ ጊታሩን ዳግመኛ አይነካውም። አውቀዋለሁ፤ ለመተው ሰበብ ነው የሚፈልገው።

የኋላውን ክዳን በካቻቢቴ እፈታና ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። አባዬ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ ይህንን ነው። የቫልቭ አምፕ ሆዱ ሲከፈት አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ያለዚያ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ልብን አቋርጦ ነው የሚሄደው። በቀኜ ቴስተሩን አስጠጋለሁ። ፊውዙ ደህና ነው። ቫልቮቹም ኃይል ይደርሳቸዋል። የቀረው ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈው ትራንስፎርመር ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ደግሞ ምትኩ የትም የለም። ስፒከሩ ሳይሰካ አምፑ ከበራ ይቃጠላል። ጠዋት መጀመሪያ ያበራሁት ሰክቼ ነው ወይስ ሳልሰካ? አላስታውስም።

አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። በስልኬ መብራት የስፒከሩን ገመድ እስከ ጫፉ እከተለዋለሁ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ጽሑፋቸው ከጠፋ ቆይቷል። አንደኛው ከመሰካት ብዛት አብረቅርቋል። ሌላው ጥቁር ብሏል። ገመዱ ያለው ጥቁሩ ላይ ነው።

እጄን በአፌ እጭናለሁ። ጥቁሩ ለተጨማሪ ስፒከር የተሠራ ነው። ዋናው ቀዳዳ ባዶ ሲሆን ለካ አምፑ እንዳይቃጠል ብሎ ድምፁን ራሱ ይዘጋል። አጠፋለሁ፣ አዛውራለሁ፣ አበራለሁ። እስኪሞቅ ያለችው ግማሽ ደቂቃ አታልቅም። ክሩን ስመታው የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እሰይ! ክዳኑን መልሼ ሳጠብቅ የመኪና በር ሲዘጋ እሰማለሁ።

አባዬ ወንድሜን ተደግፎ ይገባና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጊታሩን ጭኑ ላይ አደርግለታለሁ። በቀኝ እጁ የግራ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ክሮቹ ላይ ያሰልፋቸውና ይመታል።

ድፍ።

ጣቶቹ ክሩን መጫን አልቻሉም፤ አፍነውታል። ደግሞ ይመታል። ድፍ። ወንድሜ ውኃ ላምጣ ብሎ ይወጣል።

«ገና አልተሠራም፣ አባዬ» እላለሁ ሳላስበው። «ጠዋት ሳጸዳው አበላሽቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስፒከሩ ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ አምፕ እምምም እያለ ያጉረመርማል። አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ የአምፕን በሽታ በጆሮው ብቻ ሲለይ የኖረ ሰው ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አምፑን ያያል፣ ከዚያ እኔን።

«አንቺ ደግሞ አርፈሽ አትቀመጪም» ይለኛል በመጨረሻ። «በይ አጥፊውና ጠግኚው። አትቸኩይ። እኔም እዚሁ ነኝ።»

አጠፋዋለሁ። እሱ የግራ አመልካች ጣቱን ያነሣና ክሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በቀኙ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣ እንደገና ያነሣዋል። እኔ ምንም ካልጎደለው አምፕ ጀርባ ተንበርክኬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እፈታለሁ።