በወገብ ልክ የተሰቀሉ ፎቶዎች

«ከዋሸሁ ይቺ ግድግዳ ከነቀለሟ ትጫነኝ!» አለ ቃለ አጋኖ፣ ሻንጣውን ከእህቱ እጅ እየነጠቀ። «አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ይህን ኮሪደር ያየ ሁሉ አፉን እንደከፈተ ነው የወጣው። ጎረቤታችን ጨው ልትበደር ገብታ ሆቴል የገባች መስሏት የክፍል ቁልፍ ጠየቀችኝ!»

ቃለ አጋኖ የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። ሃያ ዓመት የሰው ቤት የቀባ፣ አንድ ክፍል ቀብቶ ሲያወራው አንድ ከተማ የሚያደርገው ቀለም ቀቢ ነው። እህቱ ነርስ ናት። ሆስፒታል ተረኛ አድራ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ድካሟ ቢመዘን ሚዛን ይሰብራል፣ እግሮቿ ጫማዋ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለዋል።

ሻንጣው ባዶ ነው። የእናታቸውን ልብስ ልትሞላበት ነው የመጣችው።

እናታቸው የዓይኗን ብርሃን ካጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እንዲያም ሆኖ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መታጠቢያ ቤት ብቻዋን ትመላለስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በስልክ ድምፅዋ ቀጠነ። ልጇ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «ምንም» አለች። ነርስ ደግሞ «ምንም» የምትለዋን ቃል ከማንም በላይ ታውቃታለች። ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች፤ እማዬ ብቻዋን መንቀሳቀስ ካቃታት ወደ እሷ ቤት ትሄዳለች፣ አለቀ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በማታውቀው ቤት፣ ቀኑን ሙሉ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ስትጠብቅ ትውላለች። ቢሆንም ከመውደቅ ይሻላል።

ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳው ግን ያበራል።

«ሰባት ጊዜ ነው የቀባሁት!» አለ ወንድም። «ሌባ ቢገባ የራሱን መልክ አይቶ አፍሮ ይወጣል!»

በሩ አጠገብ አዲስ የካፖርት መስቀያ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ለነርሷ አልገባትም። ከመኝታ ቤቱ በር ጀምሮ የቤተሰቡ ፎቶዎች በሙሉ የተሰቀሉት በወገብ ልክ ነው። ከፎቶዎቹ ቀጥሎ ወፍራም ገመድ በሚስማር ተመትቶ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፤ መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ደግሞ ከካፖርት የተቆረጡ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ተደርድረዋል።

«ምንድነው ይሄ? ፎቶውን ለድመት ነው እንዴ የሰቀልከው?»

«ፋሽን ነዋ እታለም! ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ከወገብ በላይ መስቀል ከቀረ ስንት ጊዜው! የአንድ ሚኒስትር ቤት ስቀባ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።»

«የሚኒስትሩን አጥር ነው የቀባኸው።»

«አጥርም ቢሆን የሚኒስትር አጥር ነው!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኑ ደም መስሏል፤ የሱሪው ጉልበት ሁለቱም በኩል ሳስቶ ቆዳው ይታያል። እያወራም የበሩን መቃን ተደግፎ ነው፤ መቃኑን ቢወስዱበት የሚወድቅ ይመስላል።

«እማዬ ወድቃለች?»

«እማዬ? በዚህ ኮሪደር በቀን አርባ ጊዜ ትመላለሳለች፣ እንደ ሻምበል! እንዲያውም ሰሞኑን ሩጫ ልትጀምር...»

«ወድቃለች ወይ ነው ያልኩህ።»

«ከወደቀች ምላሴ ይቆረጥ!»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናት ያለ ምርኩዝ ወጣች። የቃለ አጋኖ አፍ፣ ምናልባት ከተወለደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተዘጋ። እጆቹን ዘርግቶ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ከሄደ በኋላ ራሱን ገታ።

እናት ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ የመጀመሪያውን ፎቶ ጠርዝ አገኙ፣ አልፈው ሁለተኛውን አገኙ። ገመዱ ጋ ስትደርስ እርምጃዋ ፈጠነ። ቁልፎቹን በአውራ ጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር በመዳፏ መታ አድርጋ ቀጠለች። ነርሷ የባለሙያ ዓይን አላትና የእናቷን ጉልበት፣ ወገብ፣ እግር አጣጣል አየች። አንድም ቦታ አልተንገዳገደችም።

«መጣሽ?» አለች እናት፣ የልጇን ጉንጭ በእጇ እየዳበሰች። «ከስተሻል።»

«አየሽ! ምን ብዬሽ ነበር? ሻምበል!» አለ ወንድም፤ ነፍሱ ተመለሰች።

«ወድቄያለሁ» አለች እናት በቀስታ።

«እማዬ፣ በቃ...»

«ቤቱን ላሳምር ብሎ ስንጥቁንም፣ ያበጠውንም ልስን፣ አሮጌውንም ሚስማር አጠፋብኝ። እኔ ደግሞ መንገዴን የማውቀው በእነሱ ነበር። ግድግዳው ለስልሶ እጄ የሚይዘው ምልክት ቢያጣ፣ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ።»

«ታዲያ ስደውል ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትወስጂኛለሽ ብዬ። አሁን ግን ስሄድ አየሽኝ።»

ነርሷ ዞራ ወንድሟን አየች። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ የጣቱን ቀለም ይፍቃል።

«ልጄ» አለች እናት፣ «ፋሽን የሚባል ነገር የለም። ጨው ልትበደር የመጣች ሴትም የለች። ግድግዳውን የቀባው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰባት ጊዜ የነቀለውና የሰቀለው ፎቶዎቹን ነው። በየማታው ከሥራ ሲመለስ ዓይኑን በፎጣ አስሮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ‹እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር? እዚህስ?› ይለኛል።» እናት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። «ትናንት ዓይኑን እንዳሰረ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሳልፍ እጄ ፀጉሩን ሲነካ፣ አዲስ ጌጥ የሰቀለልኝ መስሎኝ ቆሜ ዳበስኩት።»