የኪቦርድ ተጫዋቹን ማን ተካው?

«አባቴን እንደ አሮጌ ዕቃ አውጥታችሁ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ?»

ልጅቷ የልምምድ ክፍሉን በር በርግዳ ገብታ ነው እንዲህ ያለችው…

ሦስቱ ሰዎች መሣሪያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

አንዱ ድራም የሚመታ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ በምንም ሳሙና አይለቅም።

አንዱ ቤዝ ጊታር የሚጫወት የጂኦግራፊ አስተማሪ።

ሦስተኛው ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍን ኤሌክትሪሺያን።

ባንዱ ከተመሠረተ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አሳታሚ የለው፣ ስፖንሰር የለው… አልበማቸውን ራሳቸው ይቀርጻሉ፣ ራሳቸው ያሽጋሉ፣ ራሳቸው ተሸክመው ያደርሳሉ።

ሙዚቃቸው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ነው። ለማታውቁት ላስረዳችሁ… አንድ ዘፈን ሃያ ደቂቃ! ምቱ ደግሞ በሰባት የሚቆጠር! እኔ አድሚናችሁ መጀመሪያ ስሰማ ላጨበጭብ ሞክሬ እጄ አየር ላይ ቀርቷል።

የልጅቷ አባት የዚህ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። የትልቁን ዘፈን ዜማ የደረሰውም እሱ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም። ሬዲዮ ላይ ሙዚቃ ሲመጣ እንኳ «ዝጊው» ነው የሚላት።

ስለ ጓደኞቹ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው… «ረስተውኛል።»

ሰሞኑን ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን እንቅስቃሴ እርግፍ አድርጎ ተወው። «ለማን ብዬ?» አላት።

እሷም ደሟ ፈላ። የመጣችው ለዚህ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን እንኳ ‹እንዴት ነው?› ብላችሁ ታውቃላችሁ?»

አስተማሪው አፉን ሊከፍት ሲል መካኒኩ በዓይኑ ገሠጸው።

ይሄኔ ጥግ ላይ ያለውን ኪቦርድ አየችው… አቧራ የሌለበት፣ ገመዱ የተሰካ፣ ወንበሩ የተዘጋጀ።

«እህ! ለካ ሰው ተክታችኋል!»

መካኒኩ አቀርቅሮ፣ «የኔ ልጅ… እሁድ ከሰዓት ዝግጅት አለን። ይዘሽው ነይ» አላት።

«ልታዋርዱት?» ብላ በሩን ወርውራባቸው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ግን አላስቻላትም። ሁሉንም ዘረገፈችለት።

አባት ከዘራውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ…

«ውሰጂኝ።»

«ምን ልታደርግ አባዬ?»

«የተካኝን ሰውዬ ላየው። ዜማዬን አበላሽቶት እንደሆነ ልስማ።»

እሁድ አዳራሹ ውስጥ እኔን ጨምሮ ሰማኒያ ሰው ቢኖር ነው። አባትና ልጅ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ሦስቱ መድረክ ላይ ወጡ። ኪቦርዱ ቀድሞ ተዘርግቷል። ተጫዋቹ ግን የለም።

«አርፍዶ ይሆናል» አለች ልጅቷ።

«በእኔ ጊዜ የሚያረፍድ አልነበረም» አለ አባት፣ ተናዶ።

ትልቁ ዘፈን ተጀመረ…

ጊታሩ ቀስ ብሎ ገባ… ድራሙ ተከተለው… አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ሰባት፣ እንደገና ከአንድ… ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቷ በልጅነቷ ከአባቷ ክፍል በግድግዳ በኩል ስትሰማው ያደገችው ዘፈን ነው። እንዲህ ግዙፍ መሆኑን ግን አላወቀችም።

አሥረኛው ደቂቃ ላይ የኪቦርዱ ተራ ደረሰ።

ጊታሩ ቆመ። ዘፋኙ ከማይኩ ዞር አለ። ድራምና ቤዝ ብቻ ዝቅ ብለው መዞር ቀጠሉ…

ወደ ኪቦርዱ የመጣ ሰው የለም።

ሰዉ ሁሉ ባዶውን ወንበር ያያል።

ልጅቷ ግራ ገባት። አጠገቧ ያለችውን ሴትዮ በሹክሹክታ፣ «ምን ተበላሽቶ ነው?» አለቻት።

«ምንም አልተበላሸም። የኪቦርዱ ሰውዬ ቦታ ነው። ታሟል ይላሉ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁትና ይቀጥላሉ። እኔ መምጣት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው… አንድም ቀን ዘለውት አያውቁም።»

አባት ሰማ።

ከዘራውን ጨበጠ። ተነሳ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

ወደ መድረኩ አመራ። አንድ እርምጃ… ከዘራ… አንድ እርምጃ…

መካኒኩ ከድራሙ ኋላ ቀና ሲል አየው። እጁ ላይ ያለው ዱላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ምቱን ግን አልሳተም!

ሁለት ደቂቃው አለቀ። ባንዱ ግን አላለፈም።

ሦስት ደቂቃ… አራት ደቂቃ… ያችኑ ሰባት ምት እየደጋገሙ፣ አንድ ሰው በከዘራ አዳራሹን እስኪያቋርጥ ጠበቁት!

ኤሌክትሪሺያኑ ጊታሩን አስቀምጦ፣ ክንዱን ደግፎ ደረጃውን አወጣው።

ተቀመጠ። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

በግራ እጁ ጀመረ።

የመጀመሪያዋን ኖታ ሳታት። ሁለተኛዋ ዘገየችበት። ሦስተኛዋ ላይ… ዜማው መጣ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። መካኒኩ እንባው በአገጩ እየወረደ ይመታል… ሰዉ ሁሉ ቆሟል…

ዘፈኑ ሲያልቅ አባት ልጁን ወደ መድረኩ ጠራት።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አልረሱኝም። ከሆስፒታል እንደወጣሁ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። እንዲህ ሆኜ እንዲያዩኝ ስላልፈለግኩ ራሴ አባረርኳቸው።»

ልጅቷ ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድባችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አባትን በልጁ ፊት እናሳጣው? አባትሽ ሁለት ነገር ነው ያዘዘን። ደጄን አትርገጡ አለን፤ አልረገጥንም። ሌላ ሰው ፈልጉ አለን… እሱን ግን አልቻልንም።»

አባት በመሐረብ ፊቱን ጠራርጎ፣ «ለመሆኑ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለ።

ወዳጆቼ… «ሰው ረሳኝ» ከማለታችን በፊት በሩን የዘጋነው እኛው እንዳንሆን እንይ። ሕመም ወይም ኩራት ያራቀው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ቦታውን ለሌላ ለመስጠት አትቸኩሉ።

እናንተስ… ራሳችሁ አባርራችሁት ሲያበቃ «ረሳኝ» የምትሉት ሰው ማን ነው? ዛሬ ብትደውሉለት የመጀመሪያ ቃላችሁ ምን ይሆናል? እስቲ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።