ከቦኖ የተቀዳ ውሃ

ማዘንጊያ ሁለቱን ጠርሙሶች እኩል ነቀነቀችና ካድሬው ፊት አስቀመጠቻቸው።

"አሁን ዝም ብለው ይመልከቷቸው፣ ጓድ ሸምሶ።"

ጓድ ሸምሶ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ካኖረ ቆይቷል። ከሽጉጡ ጎን ከእስር ቤቱ ያመጣው ትልቅ ጠርሙስ አለ፤ ማዘንጊያ ባለፈው ሳምንት ቀምማ የላከችው የእከክ መድኃኒት ነው። እስረኞቹ ተሰልፈው ተቀቡት። ቀድመው የተቀቡትን እከኩ አልለቀቃቸውም። መጨረሻ ላይ የተቀቡት አሥራ አንድ ሰዎች ግን ቆዳቸው ነዶ ተላጠ። መርዝ ነው ተባለ። የሶማሊያ ጦር ከድሬዳዋ ደጃፍ ከተመለሰ ገና አምስት ወሩ ነው፤ መርዝ ከተባለ ደግሞ የሚፈለገው ሶማሌ ነው።

ማዘንጊያ በምትመራው የመድኃኒት ቅመማ ክፍል ያለው ሶማሌ ዐያንሌ ብቻ ነበር። ጠርሙስ ያጥባል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ከማዘንጊያ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። አሁን እርጥብ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠራረገ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሸምሶ ጠዋት እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀው የሠራተኞቹን ስም ነው። ማዘንጊያም ይህን ሙከራ ያሰናዳችው ለዐያንሌ ብላ ነው። በአንደኛው ጠርሙስ ከድሮው የተረፈ፣ ከእንፋሎት የተጣራ ውሃ አለ፣ በሌላው የቦኖ ውሃ። መድኃኒቱና ሳሙናው በሁለቱም እኩል ነው።

"መድኃኒቱ ዘይት ነው" አለች። "ከውሃ ጋር አይዋደድም። ስንነቀንቀው ዓይን በማያየው ጠብታ ይበታተናል፤ ሳሙናው ደግሞ እያንዳንዷን ጠብታ ያለብሳታል። የለበሱ ጠብታዎች አይነካኩም፣ ይገፋፋሉ። ለዚህ ነው ቀጥኖ የሚፈሰው።"

አንደኛውን አዘነበለችው። እንደ ወተት እኩል ሆኖ ወረደ። ሁለተኛውን አዘነበለችው። ፈሳሹ ጓጉሎ፣ እየተቆራረጠ፣ መስታወቱ ላይ እየቀረ ወረደ።

"የከተማችን ውሃ ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው እሱ ነው። ኖራው ጠብታዎቹን ልብሳቸውን ይገፍፋቸዋል። ያን ጊዜ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ፈሳሹም ይወፍራል። ሲያድር ደግሞ ጠብታዎቹ ይዋሃዱና መድኃኒቱ ከውሃ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ከላይ የተቀዳለት የሳሙና ውሃ ደረሰው፤ ከታች የተቀዳለት ያልተበረዘ መድኃኒት። መርዝ የለም፣ ጓድ። ውሃው ነው።"

ሸምሶ ጠርሙሱን አንስቶ ራሱ አዘነበለው። አንዴ፣ ሁለቴ። ገባው። ማዘንጊያ ፊቱ ላይ አየችና ልቧ ቀለል አላት።

"ውሃውን የቀዳው ማነው?" አለ።

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር።

"የውሃ ማጣሪያው ላምባ አጥቶ ከቆመ ወር አልፎታል" አለች ቶሎ ብላ። "ሦስት ጊዜ ጽፌ አመልክቻለሁ። መድኃኒቱን ደግሞ በሁለት ቀን አድርሱ ተብለን..."

"እሱን አልጠየቅኩሽም። በእጁ ያመጣው ማነው?"

"እኔ ነኝ ወላሂ" አለ ዐያንሌ ከበሩ። "ከቦኖ ነው የቀዳሁት። ሰው ሁሉ የሚጠጣው ነው። እኔም ልጆቼም የምንጠጣው ነው።"

"የላክሁት እኔ..." ብላ ጀመረች ማዘንጊያ።

ሸምሶ የዐያንሌን ስም ጽፎ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። በዕድሜ ልጇ ይሆናል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚመክራት እየመሰለ ተናገረ።

"ጓድ ማዘንጊያ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አብዮቱ ባለሙያ ይፈልጋል። ግን ሁለት ስም ከጻፍኩ የምወስደው ሁለት ሰው ነው። በደንብ አስቢና ጨርሺው።"

ጠበቃት።

ዐያንሌን አየችው። እሱም አያት። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም፤ ምን እንደምትል ለማወቅ ብቻ ነበር የሚያያት። ሁለት ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ባሏ ሰሜን ዘምቷል፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰነበተ። ይህን ሁሉ በልቧ ደረደረችው፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ከአፏ ግን ቃል አልወጣም።

ሸምሶ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው። "ውሃውን እሱ እንዳመጣ፣ ሙከራውን አንቺ እንዳሳየሽ የሚል ነው።"

ፈረመች።

ዐያንሌ በሁለት የታጠቁ ሰዎች መሃል ሲወጣ ዞር አለ። "አባዮ፣ ከሰሉ ላይ የሚቀቀል ጠርሙስ ጥጃለሁ" አላት። "ውሃው እንዳያልቅበት።" ሁልጊዜም አባዮ፣ እህቴ፣ ነበር የሚላት።

መኪናው ከግቢው ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሚስቱ ማርያን እንደ ወትሮው በጓሮው በር ገባች። ከሳቢያን ሰፈር በእግሯ ነው የመጣችው፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

"ዐያንሌ የለም እንዴ?"

"አሁን... ወጣ አለ" አለች ማዘንጊያ።

"አቦ ይሄ ሰውዬ! ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው?" ማርያን ስቃ በጨርቅ የታሰረውን ሳህን አቀበለቻት። "ሩዝ ነው፣ ገና ትኩስ ነው። ዛሬ ላንቺም ጨምሬበታለሁ።"

ማዘንጊያ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ማርያን ጫማዋን አውልቃ፣ ከጓሮው ዛፍ ጥላ ሥር እግሯን ዘርግታ፣ ባሏን ልትጠብቅ ቁጭ አለች።