ከላንድሮቨሩ ሥር

ኒማ «ልጅዎን ይስጡኝ» ሊል፣ ለአባትየው በክብር የሚያጠልቀውን ነጭ ሻርፕ ይዞ ሲመጣ፣ ጋሽ ፓሳንግ ከአሮጌው ላንድሮቨራቸው ሥር ተጋድመው ነበር። «ና እስቲ፣ ይቺን ያዝልኝ!» አሉት። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ያንግዜም የተባለችው ልጃቸውና እናቷ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ከመኪናው ሥር የሚታየው አራት እግር፣ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነበር።

«ስልሳ ዓመቷ እኮ ነው! የሳንዳክፉን ተራራ እንደ ፍየል ነው የምትወጣው!»

«ውይ ጋሼ፣ ሻንሲዋ ራሱ ሲያምር!»

ያንግዜም ትዕግሥቷ አልቆ አጎነበሰች። «አባዬን ጠየቅከው?»

«ምኑን?» አለ ኒማ፣ የእጁን ግራሶ በነጩ ሻርፕ እየጠረገ።

ጋሽ ፓሳንግ ሻርፑን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «ፈቅጃለሁ! እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል?»

«እንግዲያው አንተው አግባው፣ አባዬ» አለች ያንግዜም፤ ሳቋን ግን መደበቅ አልቻለችም።